ግራሃም ሃንኮክ

ግራሃም ሃንኮክ (ሐምሌ 26 ቀን 1942 ዓ.ም. ወይም ኦገስት 2 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. ተወለደ) ብሪታንያዊ ጋዜጠኛና ደራሲ ነው። በኢትዮጵያ ስሙ የሚነሳው ስለ ታቦተ ጽዮን በጻፈው መጽሐፍ ሲሆን፣ በተቀረው ዓለም ግን ይበልጥ የሚታወቀው «ከበረዶ ዘመን በፊት የጠፋ ታላቅ ሥልጣኔ ነበር» በሚለው ሐሳቡ ነው። አርኪዮሎጂስቶችና የታሪክ ተመራማሪዎች ሥራዎቹን «ሐሰተኛ አርኪዮሎጂ» ይሏቸዋል። የሴራ ትንተና ያስፋፋል ብለው የሚከሱትም ብዙ ናቸው። እሱ ክሱን አይቀበልም። ሃንኮክ ፕሮፌሰርም አርኪዮሎጂስትም አይደለም፤ ራሱንም የሚጠራው ጋዜጠኛ ብሎ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሕይወትና የጋዜጠኝነት ሥራ

ሃንኮክ የተወለደው በስኮትላንድ ከተማ በኤድንብራ ነው። የልጅነቱን ጥቂት ዓመታት አባቱ በቀዶ ሕክምና ሐኪምነት ይሠሩ በነበረበት በህንድ አሳልፏል። ወደ ብሪታንያ ከተመለሰ በኋላ በዱራም ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ አጥንቶ በ1973 ተመረቀ። ከዚያም ታይምስን፣ ሰንደይ ታይምስን፣ ጋርዲያንንና ኢንዲፔንደንትን ለመሳሰሉ ጋዜጦች ጻፈ። ከ1976 እስከ 1979 ኒው ኢንተርናሽናሊስት የተባለው መጽሔት ተባባሪ አዘጋጅ፣ ከ1981 እስከ 1983 ደግሞ የኢኮኖሚስት የምሥራቅ አፍሪካ ዘጋቢ ነበር።

ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1983 የደርግ መንግሥት የአገሪቱን ታሪክና ባህል የሚያሳይ በፎቶግራፍ የተዋበ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ቀጠረው። መጽሐፉም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራች ዳይሬክተር ከነበሩት ከፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ጋር በጋራ ታተመ። በ1985 ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ሌላ መጽሐፍ አወጣ። በ1989 ያሳተመው «ሎርድስ ኦቭ ፖቨርቲ» (የድህነት ጌቶች) ደግሞ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የተባበሩት መንግሥታትና የዓለም ባንክ ለድሆች የተመደበውን ገንዘብ እንዴት እንደሚያባክኑ የሚተች ነው። ይህ መጽሐፍ ስለ እርዳታ በሚደረግ ክርክር ውስጥ እስካሁን ይጠቀሳል። ሃንኮክን በኋለኞቹ ሥራዎቹ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ይህን የቀድሞ ሥራውን ሊዘነጋው አይገባም፤ ሰነድ መፈለግ፣ ሰው ማነጋገርና ታሪክ መተረክ የሚችል ዘጋቢ ነበር።

የታቦተ ጽዮን መጽሐፍ

በ1992 የታተመው «ዘ ሳይን ኤንድ ዘ ሲል» (ምልክቱና ማኅተሙ) የሃንኮክን ሕይወት የለወጠ ሥራ ነው። የሚጀምረው በ1983 ለመንግሥቱ መጽሐፍ ሥራ አክሱም በሄደበት ቀን ነው። የታቦቱን ጠባቂ መነኩሴ አነጋገረ፤ ታቦቱን ማየት ግን እንደማይቻል ተነገረው። መጽሐፉ የሚያበቃውም በዚያው በአክሱም ነው። በጥር 1991 ከተማዋ በሕወሓት እጅ ሳለች በሱዳን በኩል ገብቶ የጥምቀትን በዓል ተመለከተ፤ ታቦቱን ግን ያን ጊዜም አላየም። ብዙ ገጽ ያለው መጽሐፍ ስለ አንድ ነገር ተጽፎ ደራሲው ያን ነገር ሳያየው ማለቁ እንደ ጉድለት ሊቆጠርበት አይገባም፤ ይህን ራሱ በግልጽ ጽፎታል።

ብዙ ሰው ይህ መጽሐፍ የኢትዮጵያን ትውፊት ያረጋገጠ ይመስለዋል። መጽሐፉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በክብረ ነገሥት መሠረት ታቦቱን ከኢየሩሳሌም ያመጣው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ቀዳማዊ ምኒልክ ሲሆን ጊዜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 10ኛው መቶ ዓመት ይሆናል። ሃንኮክ ይህን አይቀበልም። የሚያቀርበው ምክንያትም ተገቢ ነው፤ አክሱም ከተማ ሆና የወጣችው በክርስቶስ ልደት አካባቢ ስለሆነ በሰሎሞን ዘመን ታቦቱ የሚገባባት አክሱም አልነበረችም። ስለዚህ ዘመኑንም መንገዱንም ሰዎቹንም ይለውጣል። ታቦቱ ከኢየሩሳሌም የወጣው ጣዖት አምላኪ በነበረው በንጉሥ ምናሴ ዘመን (7ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ.) ነው፤ ያወጡትም ካህናት ናቸው ይላል። ከዚያም በዓባይ ወንዝ ውስጥ ባለችው በግብፅ ደሴት በኤለፋንታይን ተቀመጠ፤ በ5ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ወደ ጣና ቂርቆስ ደሴት መጣ፤ እዚያ 800 ዓመት ያህል ቆይቶ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ ወደ አክሱም ተወሰደ።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሁሉም ቀለበት እኩል አይደለም። ኤለፋንታይን ላይ የአይሁድ ወታደሮች ሰፈርና ቤተ መቅደስ መኖሩ የተረጋገጠ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተገኙት በአራማይክ የተጻፉ ፓፒረሶች ቤተ መቅደሱ በ410 ቅ.ል.ክ. በግብፃውያን ካህናት አነሳሽነት እንደ ፈረሰ፣ አይሁዶቹም መልሶ ለመሥራት ፈቃድ እንደ ጠየቁ ይናገራሉ። ነገር ግን እነዚሁ ፓፒረሶች ስለ ታቦተ ጽዮን አንድ ቃል አይናገሩም። ጣና ቂርቆስ ላይም የደሴቲቱ ካህናት ታቦቱ በዚያ እንደ ነበረ የሚያስረዳ የቆየ ትውፊት አላቸው፤ ሃንኮክ የሰማው ከእነርሱ ነው። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው ጉዞ ግን በሰነድም በቁፋሮም የተገኘ ሳይሆን የደራሲው ግምት ነው። ምናሴን በተመለከተም ማስረጃው ሁለት ዓይነት ይነበባል። በ2ኛ ዜና መዋዕል 35፥3 ንጉሥ ኢዮስያስ ሌዋውያኑን «ታቦቱን በቤተ መቅደሱ አኑሩ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ሃንኮክ ከዚህ የሚረዳው ታቦቱ በቤተ መቅደሱ አለመኖሩን ነው። ተቺዎቹ ደግሞ ታቦቱ ከምናሴ በኋላም በይሁዳ እንደ ነበረ የሚያሳይ ነው ይላሉ።

ስለ ቤተ እስራኤል የጻፈውም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ሃንኮክ ሃይማኖታቸው እጅግ ጥንታዊ የሆነ፣ በኤለፋንታይን በኩል የመጣ የአይሁድ እምነት ነው ብሎ ያስባል፤ ለዚህም የመሥዋዕት ሥርዓታቸውን ይጠቅሳል። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በ1992 ግን የታሪክ ተመራማሪው ስቲቨን ካፕላን ስለ ቤተ እስራኤል ያሳተመው ጥናት፣ ከእሱም ቀደም ብላ ኬይ ሸለመይ በ1986 ስለ ዜማቸውና ሥርዓታቸው የጻፈችው፣ ማኅበረሰቡ አሁን የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በኢትዮጵያ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን እንደሆነ ይከራከራሉ። የጸሎት መጻሕፍታቸው በግዕዝ መሆናቸውና ከክርስቲያን ገዳማት ጋር የሚጋሩት ሥርዓት ከማስረጃዎቹ መካከል ናቸው።

ቴምፕላሮችና ላሊበላ

ለኢትዮጵያ አንባቢ የመጽሐፉ ከባድ ክፍል ይህ ነው፤ ሃንኮክ በአድናቆት ሲጠቀስም ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ክፍል ነው።

ቴምፕላሮች በ1119 ገደማ በኢየሩሳሌም የተቋቋሙ፣ የመነኩሴና የወታደር ሕይወትን ያጣመሩ የአውሮፓ ፈረሰኞች ናቸው። ኢየሩሳሌም በ1187 በሳላዲን እጅ ወደቀች፤ ማኅበሩም በ1312 በጳጳሱ ትእዛዝ ፈረሰ። ሃንኮክ እንደሚለው ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት በኢየሩሳሌም በስደት ሳለ ከእነዚህ ፈረሰኞች ጋር ተዋወቀ፤ በ1185 ገደማ ወደ አገሩ ሲመለስም የተወሰኑት አብረውት መጡ። ታቦቱ ዘንድ ደረሱ፤ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በማነጽም እጃቸው ሳይኖርበት አይቀርም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የኢትዮጵያ ንጉሥ በ1306 ወደ አውሮፓ የላካቸው መልእክተኞች ከጳጳሱ ጋር ሲገናኙም ጉዳዩ ይኸው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በፈረንሳይ የቴምፕላሮች መታሰር ከዚህ ጋር ይያያዛል ይላል።

ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግብፅ የተጻፈ የአረብኛ መጽሐፍ ነው፤ ደራሲው አቡ አል መካሪም (በቀድሞው አጠራር አቡ ሳሊህ አርመናዊው) ይባላል። ሐበሾች የቃል ኪዳኑ ታቦት እንዳላቸው፣ የሚያገለግሉትም ከዳዊት ቤት የሆኑ እስራኤላውያን እንደሆኑና መልካቸው ነጭና ቀይ፣ ጸጉራቸውም ፈካ ያለ እንደሆነ ጽፏል። ይህ ጽሑፍ ታቦቱ በኢትዮጵያ መኖሩን ከሚናገሩ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ስለሆነ ዋጋው ከፍተኛ ነው። ሃንኮክ ግን «ነጭና ቀይ» የሚለውን ይዞ «ከዳዊት ቤት» የሚለውን ይተወዋል፤ ሰዎቹም ቴምፕላሮች ይሆናሉ። ጽሑፉ ራሱ እስራኤላውያን ብሏቸዋል እንጂ ስለ ፈረንጅ ፈረሰኛ አይናገርም።

ሁለተኛው የፖርቱጋላዊው ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ምስክርነት ነው። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ሲቆይ ላሊበላን ጎብኝቶ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ነጮች እንደሠሯቸው እንደ ተነገረው መዝግቧል። ስለዚህ ሃንኮክ ነገሩን ከባዶ አልፈጠረውም፤ ከእሱ ከ400 ዓመት በላይ ቀድሞ የተባለ ነው። አልቫሬዝ የተጠቀመበት ቃል ግን ግብፃውያንን (ግብጦችን) የሚያመለክት ሳይሆን አይቀርም። በዛጉዌ ዘመን ጳጳሱ ከእስክንድርያ ይመጣ ስለነበር የግብፅ ክርስቲያኖች በላስታ መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ ተነሥቶ ቴምፕላሮች ዘንድ መድረስ ረጅም ዝላይ ነው።

ሦስተኛው ላሊበላ ውስጥ ያየው የመስቀል ቅርጽ ነው። ክንዶቹ ወደ ጫፍ እየሰፉ የሚሄዱ መስቀል የቴምፕላሮች ምልክት እንደ ነበር እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ መስቀል ማኅበሩ ከመመሥረቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ የተለመደ ነበር።

በሌላ በኩል ያለው ማስረጃ ድንጋዩ ላይ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ቢሆኑም በብዙ ቦታ የሚመስሉት በእንጨትና በድንጋይ የተገነባ ሕንፃን ነው። ቤተ አማኑኤል ላይ ግድግዳው ገባ ወጣ እያለ የተቀረጸው የአክሱምን የግንባታ ስልት ተከትሎ ነው። በዚህ ስልት ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት የእንጨት ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። እነዚህ የእንጨት ጫፎች በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጸው ይታያሉ፤ በደብረ ዳሞ በእንጨት ይታያሉ፤ ከላሊበላ ጥቂት ቀድሞ በታነጸው በይምርሐነ ክርስቶስም የአክሱሙ ስልት ሕያው ነው። ጋይንት ውስጥም ምሳሌ አለ። ለድጓ ማስመስከሪያነቷ የምትታወቀው ቤተልሔም ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌላው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን የለበሰች ነበረች። በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ወደ ውስጥ ገብቶ በክዳኑ ሥር ተሸፍኖ የቆየ፣ አራት ማዕዘን የሆነ፣ በአክሱም ስልት በድንጋይና በእንጨት የታነጸ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አየ፤ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ጻፈው። «አገኘው» ይባላል፤ ለአውሮፓ አንባቢ ነው እንጂ የድጓ ተማሪዎችስ መቼ ጠፍታባቸው ያውቃል። ከአክሱም ተነሥቶ በላስታና በጋይንት የሚያልፈው ይህ የአናጺዎች ሙያ ሳይቋረጥ ሲታይ፣ ላሊበላን ለማብራራት ከኢየሩሳሌም ፈረሰኛ ማምጣት የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታይም።

የቅርብ ጊዜ ጥናቶችም በዚህ ላይ አይለያዩም። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ አንዳንዶቹ ሕንፃዎች ከንጉሥ ላሊበላ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው መፈልፈል እንደ ጀመሩ ሐሳብ አቅርቧል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎቹ ማሪ ሎር ደራ፣ ክሌር ቦስ ቲየሴ፣ ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና ባልደረቦቻቸውም በ2010 ባወጡት ጥናት ቦታው በየጊዜው እየተቆፈረ፣ እየተለወጠና እየሰፋ የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። ስለ ዘመኑ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፤ ቴምፕላሮችን የሚያነሳ ግን የለም። በርካታ መቶ ዓመታት የወሰደ ሥራ ከሆነ ደግሞ በ1185 የመጣ አንድ የእንግዶች ቡድን ሊሠራው አይችልም።

ጄምስ ብሩስና የዝምታ ማስረጃ

ሃንኮክ የሴራ ትንተና ይጽፋል የሚባለው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ስለ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ስለ ጄምስ ብሩስ የጻፈውን ማንበብ ይበቃል። ብሩስ በጥር 1770 በጥምቀት ዋዜማ ገደማ አክሱም ደርሶ በዚያው ዓመት ወደ ጎንደር አለፈ። ወደ አገሩ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክንና ክብረ ነገሥትን ይዞ ሄደ። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ታቦቱን በተመለከተ የጻፈው አጭርና ደረቅ ነው፤ በግራኝ አሕመድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ጠፍቷል፣ አሁንም አለ የሚባለው ሐሰት ነው ይላል።

ይህ የሃንኮክን ሐሳብ የሚቃወም ምስክርነት ነው። ሃንኮክ ግን ገልብጦ ያነበዋል፦ ብሩስ ፍሪሜሶን ነበር፤ ፍሪሜሶኖች የቴምፕላሮችን ምሥጢር የወረሱ ናቸው፤ አክሱም የደረሰውም በጥምቀት ነው፤ ስለዚህ ብሩስ የመጣው ታቦቱን ፍለጋ ሲሆን ጠፍቷል ብሎ የጻፈው ሌሎችን ለማሳሳት ነው። ብሩስ ፍሪሜሶን መሆኑ እውነት ነው፤ አክሱም የደረሰበት ቀንም እንደዚያው። የተቀረው ግን ብሩስ «አለ» ቢል ማስረጃ፣ «የለም» ቢልም ማስረጃ የሚሆንበት አካሄድ ነው። የኮምፒውተር ተማሪ ለሆነ ሰው ይህ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ምንም ዓይነት ግብዓት ቢሰጠው «እውነት» ብቻ የሚመልስ ኮድ ምንም አልፈተነም ይባላል።

የባለሙያዎች አስተያየት

ታቦቱ ስላለበት ሁኔታ የተናገሩ ምሁራንም ከጥያቄ ነፃ አይደሉም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ፕሮፌሰር የነበሩት ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በ1992 ለሎስ አንጀለስ ታይምስ በሰጡት ቃል፣ በ1941 በብሪታንያ ሠራዊት ውስጥ መኮንን ሆነው አክሱም ሳሉ ገብተው እንዳዩት፣ ያዩትም ባዶ የእንጨት ሣጥንና የመካከለኛው ዘመን ሥራ እንደሆነ ገልጸዋል። ይህ ቃል የሃንኮክን መጽሐፍ ውድቅ ለማድረግ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ነገር ግን ከተባለው ጉብኝት 51 ዓመት በኋላ የተሰጠ የአንድ ሰው ቃል ነው፤ በሥርዓቱ ደግሞ ከጠባቂው በቀር ማንም እንዲያይ አይፈቀድም። የሃንኮክን ቃል በጥርጣሬ የሚመዝን አንባቢ የፕሮፌሰሩንም በዚያው ሚዛን ማየት ይኖርበታል።

ይበልጥ ክብደት ያለው ትችት የአክሱምን ታሪክ በቅርብ ያጠናው የስቱዋርት መንሮ ሄይ ነው። በ1999 ከሮደሪክ ግሪርሰን ጋር፣ ከዚያም ከሞተ በኋላ በ2005 በታተመው መጽሐፉ የጽሑፍ ምንጮቹን በየዘመናቸው አሰልፎ መርምሯል። መደምደሚያው ታቦቱ በአክሱም መኖሩን በግልጽ የሚናገሩት ምንጮች ዘግይተው የመጡ ናቸው የሚል ነው። አቡ አል መካሪም የገለጸውም ነገር በመስቀል የተጌጠና በበዓላት ለአምልኮ የሚወጣ እንደመሆኑ ከቤተ ክርስቲያን መንበር ወይም ጽላት ጋር ይመሳሰላል፤ የነበረበትም ቦታ አክሱም ሳይሆን የዛጉዌ ነገሥታት ከተማ ሊሆን ይችላል። መንሮ ሄይ የእምነቱን ዋጋ አልነካም፤ የጻፈው ስለ ሰነዶቹ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ታቦቱ በአክሱም ጽዮን እንዳለ ታስተምራለች፤ ይህ የእምነት ጉዳይ ስለሆነ በሃንኮክ መጽሐፍ አይጸናም፣ በመንሮ ሄይ መጽሐፍም አይፈርስም።

የጠፋው ሥልጣኔ

ከኢትዮጵያ በኋላ ሃንኮክ ወደ ሰፊው ዓለም ወጣ። በ1995 ያሳተመው «ፊንገርፕሪንትስ ኦቭ ዘ ጎድስ» (የአማልክት አሻራ) በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጧል። ፍሬ ሐሳቡ ከ12,000 ዓመት በፊት ገደማ የጠፋ የሠለጠነ ሕዝብ እንደ ነበረ፣ ከጥፋቱ የተረፉትም ወደ ግብፅ፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ፔሩ ሄደው እርሻን፣ ሥነ ፈለክንና የሕንፃ ሥራን እንዳስተማሩ ነው። በ1998 ከሁለት ጸሐፊዎች ጋር ስለ ማርስ ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ በዚያች ፕላኔት ላይ የታዩ ቅርጾች የሰው ሠራሽ ሐውልት ፍርስራሽ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጻፈ፤ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ስለ ጉዳዩ የሚሰጠውን ማብራሪያም ተጠራጠረ። በኋላ በተነሱ ጥርት ያሉ ፎቶግራፎች ቅርጾቹ ተራ ኮረብታዎች ሆነው ታይተዋል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው የሐሳቡ መዋቅር አለመለወጡን ነው። ላሊበላ ላይ ከኢየሩሳሌም የመጡ ፈረሰኞች ነበሩ፤ ፔሩ ላይ ጢማም የሆኑ ነጫጭ እንግዶች ሆኑ። በሁለቱም ቦታ አገሬው ሠራሁት የሚለውን ሥራ እውቀቱን ያመጣው ከሌላ ስፍራ የመጣ ሰው ነው።

ክሱና መልሱ

ክርክሩ የጋለው ኔትፍሊክስ በኅዳር 2022 «ኤንሸንት አፖካሊፕስ» የተባለውን የሃንኮክን ተከታታይ ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። የአሜሪካ አርኪዮሎጂ ማኅበር ኅዳር 30 ቀን 2022 ለኔትፍሊክስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ፊልሙ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችን ያለ ማስረጃ እንደሚወነጅል፣ የጠፋው ሥልጣኔ ሐሳብ ከነጭ የበላይነት አመለካከት ጋር የቆየ ግንኙነት እንዳለውና ለነባር ሕዝቦች የሚገባውን ክብር እንደሚነጥቅ ገልጾ፣ ፊልሙ ከዘጋቢ ፊልም ይልቅ በሳይንስ ልቦለድ እንዲመደብ ጠየቀ። ኔትፍሊክስ ምድቡን አልለወጠም፤ በጥቅምት 2024 ሁለተኛውን ክፍል አሳየ።

የሃንኮክ መልስ በአጭሩ ይህ ነው። ዘረኛ መባሉን አጥብቆ ይቃወማል፤ በኋለኞቹ መጻሕፍቱ የጠፋው ሕዝብ ነጭ ነበር እንደማይል ያስረዳል። በእርግጥም በ1995 የጻፈው ስለ ነጭ እንግዶች የሚናገር አገላለጽ በኋላ ሥራዎቹ እየቀነሰ መጥቷል፤ የፊቱ መጽሐፍ ግን አሁንም ይሸጣል። አርኪዮሎጂስቶች በምሥጢር ተማክረው እውነትን ይደብቃሉ አላልኩም፤ የያዙትን ትምህርት የሚቃወም ሐሳብ ሲመጣ ግን አይመረምሩትም ብያለሁ ይላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ፤ በፍትሐዊነት ሊመዘገብም ይገባል። የተቺዎቹ መልስ ደግሞ ስለ ብሩስና ስለ ማርስ የጻፈው «አይመረምሩትም» ከሚለው አልፎ የተደበቀ ነገር እንዳለ የሚያስብ ነው የሚል ነው።

ተቺዎቹም የተሳሳቱበት ጊዜ አለ። በ1999 የቢቢሲ «ሆራይዘን» ፕሮግራም የሃንኮክንና የባልደረባውን የሮበርት ቦቫልን ሐሳብ የሚተች ፊልም አሳየ። ሁለቱም ለብሪታንያ የስርጭት መመዘኛ ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ አብዛኞቹን አቤቱታዎች ውድቅ ቢያደርግም በአንዱ ላይ ለእነርሱ ፈረደ፦ ፕሮግራሙ ስለ ጊዛ ፒራሚዶችና ስለ ኦሪዮን ኮከቦች ለቀረበው ትችት የሰጡትን መልስ ትቶታል፤ ይህም ኢፍትሐዊ ነው አለ። ቢቢሲ ፊልሙን አስተካክሎ በ2000 ደግሞ አሳየው። ኮሚሽኑ ሐሳቡ ትክክል ነው አላለም፤ ያለው መልሳቸው መሰማት ነበረበት ነው። ሁለቱን ያምታታ ጽሑፍ በየቦታው ይገኛል፤ አንዱ ወገን «ቢቢሲ ተረታ» ሲል ሌላው ጨርሶ አያነሳውም።

በሚያዝያ 2024 ሃንኮክ ከአርኪዮሎጂስቱ ከፍሊንት ዲብል ጋር በጆ ሮጋን ፕሮግራም ላይ ለብዙ ሰዓት ተከራከረ። በዚያ ላይ አርኪዮሎጂስቶች እስካሁን ባጠኑት ነገር ውስጥ የጠፋው ሥልጣኔ ማስረጃ አለመገኘቱን አመነ፤ ያልተቆፈረው ግን ከተቆፈረው እጅግ ይበልጣል ሲል ተከራከረ። ዲብል በበኩሉ ሰው ያላመዳቸው እህሎች ዘራቸውና ቅርጻቸው እንዴት እንደሚለወጥ፣ እንዲህ ያለ ለውጥም ሃንኮክ በሚለው ዘመን እንደማይታይ አስረድቷል።

መጽሐፉን በምንጭነት መጠቀም

ተማሪዎች ከዚህ መጽሐፍ ሲጠቅሱ የትኛውን ክፍል እንደሚጠቅሱ መለየት ይጠቅማቸዋል። ሃንኮክ በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን የጻፈበት ክፍል፣ ለምሳሌ የጣና ቂርቆስ ካህናት ስለ ደሴታቸው የነገሩትና በ1991 በጦርነት መካከል በአክሱም የተከበረው ጥምቀት፣ የዘጋቢ ምስክርነት ነው፤ ደራሲው በስሙ ተጠቅሶ ሊቀርብ ይችላል። የአቡ አል መካሪም ጽሑፍ ከሃንኮክ ሳይሆን በ1895 ከታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ የአልቫሬዝም ከራሱ መጽሐፍ ቢጠቀስ ይሻላል፤ የተቆረጠው ዐረፍተ ነገር የሚታየው እዚያ ነውና። ስለ ላሊበላ ግንባታ ዘመን የፊሊፕሰንንና የፈረንሳይ ተመራማሪዎቹን ሐሳብ ከነልዩነታቸው ማስቀመጥ ይቻላል። «ቴምፕላሮች ላሊበላን ሠሩ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ «ግራሃም ሃንኮክ በ1992 እንደ ገመተው» የሚል ካልቀደመው በላሊበላ ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም።